ማዶ የተሰማው ከበሮ

አንድ ደምሌ የሚባሉ ጭቃ ሹም ነበሩ። መንደራቸው ከወንዙ ወዲህ፣ የሰዉ እርሻ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። ደጋው ላይ ዘንቦ ወንዙ ሊሞላ ሲል ትልቁ ከበሮ ይመታል፤ ማዶ ያለው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይሻገራል። ከበሮውን ያልሰማ ሰው ወይ ማዶ ያድራል፣ ወይ ውሃ ይወስደዋል።

ታዲያ ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የከበሮው ቆዳ ተቀደደ። ጭቃ ሹሙም ከበሮ ሠሪውን አያ ላቀውን አስጠሩ። አያ ላቀው ሁለት እኩል ከበሮ ይዘው መጡ፤ አንዱ ነጭ፣ ስስ የፍየል ቆዳ የተወጠረበት፣ ሌላው ወፍራም፣ ጠባሳ የበዛበት የበሬ ቆዳ።

ጎረቤት ሁሉ ጭቃ ሹሙ ግቢ ተሰበሰበ። መጀመሪያ የፍየሉ ተመታ። ጆሮ ይበሳል! ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጭቃ ሹሙ ደስ ብሏቸው ደጋግመው አስመቱት። ቀጥሎ የበሬው ተመታ፤ ድም፣ ድም፣ ድም አለ፣ በቃ። ጭቃ ሹሙ፣ ይሄ ደግሞ ቁርስ አልበላም እንዴ ብለው ቀለዱና የፍየሉን መረጡ። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምመርጠው።

አያ ላቀው ግን ከበሮ ግቢ ውስጥ አይመረጥም፣ ማዶ ያለ ሰው ይጠየቅ ብለው ድርቅ አሉ። ጭቃ ሹሙም እኔ ጆሮ የለኝም ወይ ብለው ተቆጡ። ክርክሩ እንደጦፈ የጭቃ ሹሙ ባለቤት፣ ወይዘሮ ያሽሞንሙን፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ረጥቦ እያለከለኩ ገቡ። ከጠዋት ጀምረው ማዶ ማሽላ ሲኮተኩቱ ነበር።

«ሙላቱ የታለ? ከበሮ ሰምቼ እኮ ነው ሁሉን ጥዬ የሮጥኩት!»

«የትኛውን ነው የሰማሽው?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«የትኛውን ይሉኛል እንዴ? አንድ ከበሮ ነው የተመታው። ድም፣ ድም፣ ድም አለ፣ ሦስት ጊዜ።»

ጭቃ ሹሙ ነጩን ከበሮ አዩት፣ የረጠበውን ቀሚስ አዩት፤ ወንዙ የእውነት ሞልቶ ቢሆንስ ብለው ሲያስቡ ላባቸው መጣ። ከዚያ በራሳቸው ሳቁ፤ አገሩም አብሮ ሳቀ። በነጋታው የበሬው ከበሮ መንደሩ ዳር ካለው ጉብታ ላይ ተሰቀለ። ወይዘሮ ያሽሞንሙን ግን በከንቱ አስሮጡኝ እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ባላቸውን ሲነዘንዙ ከረሙ።

እኛም ቃላችንን የምንመርጠው አጠገባችን ቆመው እልል በሚሉልን ሰዎች ጆሮ ነው። ቃሉ የሚያስፈልገው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ማዶ ነው ያለው። እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተስ ማዶ ያለውን ሰው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?