ናፍጣ ያጣ ቻይንኛ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ በዚህ ተረት የሚታለብ የለም፣ ያለው ሁሉ ቻርጅ የሚፈልግ ነው።

ትርንጎ የምትባል የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። የፈለገችው አንዲት የቻይንኛ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የአክስቷ ልጅ ብርዛፍ ሶል በሚጫነው ማሽን ላይ ትሠራለች። የማሽኑ መከለያ ከወለቀ ሰንብቷል፤ ባለፈው ሰሞን ጥፍሯን ላጥ አድርጎ ወስዶባታል። ቀጥሎ ጣቷን እንደሚወስድ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ትርንጎ ማሽኑን እያመለከተች ለቻይናዊው ኃላፊ ለሚስተር ሉ ጣቶቿን ብታሳየው፣ አድናቆት መስሎት እሱም አውራ ጣቱን አሳያት። አስተርጓሚ የለም ወይ እንዳትሉኝ፣ አለ። ስሞታ በጆሮው ገብቶ በአፉ ምስጋና ሆኖ የሚወጣ ሰው ነው። ስለዚህ ትርንጎ «በራሴ አፍ እነግረዋለሁ» ብላ ከፋብሪካው አጥር ማዶ ካለው ኮሌጅ ቻይንኛ ልትማር ገባች። አብረዋት የተመዘገቡት ተሰላችተው ሲተዉት እሷ ብቻ ጸናች።

አስተማሪው መምህር ሽታሁን ቻይና አገር ተምሮ የመጣ፣ ቋንቋውን እንደ ውሃ የጠጣ ሰው ነው።

«መምህር፣ አንዲት ነገር ያስተምሩኝ» አለችው። «‹የማሽኑ መከለያ ወልቋል፤ ሰው ሳይጎዳ አጥፉት› ማለት ነው የምፈልገው።»

«አውቀዋለሁ። ግን አሁን አልነግርሽም። ትምህርታችን ቅይጥ ነው፤ ግማሹን ታብሌቱ ያስተምራል፣ ግማሹን እኔ። የታብሌቱ ግማሽ ሳይቀድም የእኔ ግማሽ ከወጣ ምኑን ቅይጥ ሆነ?»

«የልጅቷ ጣት እኮ ነው፣ መምህር።»

«የእኔ ደግሞ መመሪያ ነው» አለና ሻዩን አማሰለ።

መምህር ለትርንጎ አላስተምርም አለ፤ ማሽንም ለብርዛፍ ጣት አላዝንም አለ።

ትርንጎ ወደ ታብሌቱ ሄደች። ታብሌቶቹ ከነላስቲካቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፈዋል፤ ቁልፉ እትዬ ስመኝ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል።

«እትዬ፣ እባክዎ አንዱን ይክፈቱልኝ።»

«የኔ እናት፣ ብከፍተውስ ምን ይረባሻል? ትምህርቱ እኮ ውስጡ የለም፤ ደመና ላይ ነው ብለውናል። ኔትወርክ ሲመጣ ይወርዳል።»

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄኔ ነው። እትዬ ስመኝ ላስቲኩን እንኳ አላስነካቻትም፤ ርክክብ ሲመጣ ታብሌቱ እንደ አዲስ መታየት አለበት አለች። ታብሌት ለመምህር አልከፈትም አለ፤ መምህር ለትርንጎ አላስተምርም አለ፤ ማሽንም ለብርዛፍ ጣት አላዝንም አለ።

ትርንጎ ወደ ኔትወርኩ ሄደች። ኔትወርክ አፍ ስለሌለው የሚናገርለት ዮናታን የሚባል ባለሙያ ነው።

«ኔትወርካችን አንደኛ ነው» አላት ደረቱን ነፍቶ። «እንዲህ ያለ ፍጥነት በአካባቢው የለም። መብራት ብቻ ነው የሌለው። ጄኔሬተሩን አስነሺልኝና ወዲያው እለቅልሻለሁ።»

ኔትወርክ ለታብሌት አልመጣም አለ፤ ታብሌት ለመምህር አልከፈትም አለ፤ መምህር ለትርንጎ አላስተምርም አለ፤ ማሽንም ለብርዛፍ ጣት አላዝንም አለ።

ትርንጎ ወደ ጄኔሬተሩ ሄደች። ከኮሌጁ ንብረት ሁሉ እንደ እሱ የሚያብረቀርቅ የለም፤ ሠርቶ አያውቅማ። ጠባቂው ጋሽ ወልደሰንበት በጨርቅ እየወለወሉት አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ያስነሡልኝ።»

«ልጄ፣ ይሄ እንስሳ በባዶ ሆዱ አይነሣም። ናፍጣ አጠጪውና ጩኸቱን ትሰሚያለሽ።»

ጄኔሬተር ለኔትወርክ አልነሣም አለ፤ ኔትወርክ ለታብሌት አልመጣም አለ፤ ታብሌት ለመምህር አልከፈትም አለ፤ መምህር ለትርንጎ አላስተምርም አለ፤ ማሽንም ለብርዛፍ ጣት አላዝንም አለ። በዚያው ቀን ማሽኑ የብርዛፍን እጅጌ ይዞ ቀደደው። ብርዛፍ ሳቀች፤ ትርንጎ ግን የዚያ ቀን ምሳዋን መብላት አልቻለችም።

ወደ ናፍጣው ሮጠች። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ በርሜሉን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ አሰማት።

«ሞልቷል። ያለ ኮሌጁ ዲን ፊርማ ግን ጠብ አይልም።»

«ሰው ሊጎዳ ነው እኮ!»

«እህቴ፣ አትቸኩዪ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

እንግዲህ ትንፋሽ ያዙ። ናፍጣ ለጄኔሬተር አልቀዳም አለ፤ ጄኔሬተር ለኔትወርክ አልነሣም አለ፤ ኔትወርክ ለታብሌት አልመጣም አለ፤ ታብሌት ለመምህር አልከፈትም አለ፤ መምህር ለትርንጎ አላስተምርም አለ፤ ማሽንም ለብርዛፍ ጣት አላዝንም አለ።

ዲኑ ዶክተር ክንፈገብርኤል መስታወት ፊት ቆመው ንግግር ሲለማመዱ ደረሰች። የቻይና እንግዶች ዘመናዊውን የቋንቋ ክፍል ሊመርቁ በሳምንቱ ይመጣሉ፤ ንግግሩ ቅይጥ ትምህርት ትውልድን እንዴት እንደሚያሻግር የሚያትት ነው።

«ዶክተር፣ ለናፍጣ ይፈርሙልኝ።»

«ናፍጣ የሚፈቀደው ውጤት ላሳየ ፕሮግራም ነው» አሉ ከመስታወቱ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «አንድ ሰልጣኝ ቻይንኛ ሲናገር በጆሮዬ ልስማና እፈርማለሁ።»

«ሳይፈርሙ ከየት ተምሬ ልናገር?»

«እሱ የእናንተ የሰልጣኞች ጥረት ነው። ደግሞም ለምረቃው የምትናገሪው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰልጣኝ የለንም። ‹እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ትምህርቱ ግሩም ነው› ትያለሽ።»

ትርንጎ ቆማ አሰበች። ይሄን ሁሉ ደጅ ስትጠና እምቢ ያላለ ፍጡር የለም፤ እሺ ስትል የኖረችው እሷ ብቻ ናት።

«እንግዲያው እኔም አልናገርም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ትርንጎ ለዲን አልናገርም አለች ብለው ይያዙልኝ። ዲን ለናፍጣ አልፈርምም ካለ፣ ናፍጣ ለጄኔሬተር አልቀዳም ካለ፣ ጄኔሬተር ለኔትወርክ አልነሣም ካለ፣ ኔትወርክ ለታብሌት አልመጣም ካለ፣ ታብሌት ለመምህር አልከፈትም ካለ፣ መምህር ለእኔ አላስተምርም ካለ፣ ለእንግዶቹ እርስዎ በቻይንኛ ይንገሯቸዋ።»

ዶክተር ክንፈገብርኤል የሚያውቁት ቻይንኛ የምግብ ቤት ስም ብቻ ነው። ላባቸው በግንባራቸው ወረደ። እስክሪብቶ ፈልገው አጡና የትርንጎን ተቀብለው ፈረሙ።

ፊርማው ናፍጣውን አስቀዳ፤ ናፍጣው ጄኔሬተሩን አስነሣ፤ ጄኔሬተሩ ኔትወርኩን አመጣ፤ ኔትወርኩ ታብሌቱን አስከፈተ። ታብሌቱ ላይ አንድ የካርቱን ድብ ብቅ አለ፣ በቻይንኛ ሰላም አለና እያጨበጨበ «ጎበዝ፤ የመጀመሪያውን ትምህርት ጨርሰሻል» ብሏት ተሰወረ።

«በቃ፣ ግማሹ ተሟላ» አለ መምህር ሽታሁን። ሻዩን አስቀመጠና የትርንጎን ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገራት።

«ይህችው ናት?» አለች።

«ይህችው ናት።»

ትርንጎ ልታለቅስ ምንም አልቀራት፤ ለዚህች ትንፋሽ ስንት በር ነው ያንኳኳችው! እንባዋን ዋጠችና አጠናች። መምህሩ ዲኑ ያዘዙትን የእንግዳ መቀበያ ንግግርም አስጠናት፤ እሺ አለች።

የምረቃው ቀን ሪባን ተቆረጠ፤ ጄኔሬተሩ ውጭ እየጮኸ ታብሌቶቹ በየጠረጴዛው በሩ። ከእንግዶቹ መካከል የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅና ሚስተር ሉ ተቀምጠዋል። ትርንጎ ማይክ ያዘች። የተሰጣትን ተወችና የራሷን ተናገረች፤ እንዳይድበሰበስ ደገመችው።

ቀድመው ያጨበጨቡት ዶክተር ክንፈገብርኤል ናቸው። የፋብሪካው አስተርጓሚ ተነሥቶ «ቅይጥ ትምህርት ሕይወቴን ለወጠው ትላለች» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መምህር ሽታሁን ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። ቻይናዎቹ ግን አላጨበጨቡም። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሚስተር ሉ ዞሮ ዝግ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር ጠየቀው። ሚስተር ሉ ፊቱ ቀላ፤ ኬኩ ሳይቆረጥ ተነሥቶ በፍጥነት ወጣ።

«አኮራሽን» አሏት ዲኑ በኋላ። «ለመሆኑ ምን ነበር ያልሽው?»

«‹ማሽኑን አጥፉት› ነው ያልኩት።»

«አሃ፣ ቴክኖሎጂን የሚመለከት ነው» አሉና ተደስተው በሪፖርታቸው አስገቡት።

ማሽኑ የዚያኑ ቀን ጠፋ። በማግስቱ ብርዛፍ ሥራ ስትገባ መከለያው በአዲስ ብሎን ታስሮ ቆይቷታል። እጇን ዘርግታ በላዩ ላይ አሳረፈችው፤ ጣቶቿ አንድም ሳይጎድሉ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ተደረደሩ።

ተረቴን መልሱ፤ ለመመለስ የማንም ፊርማ አያስፈልጋችሁም።