አያ ነፋስ ግንባሩን የመታበት ቀን

ተረት ልነግር ነው፤ ሰሚ ካለ ጆሮውን ያቅርብ፣ የሚያዛጋ ደግሞ አፉን ይዝጋ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ ሽው የምትባል ትንሽዬ አውሮፕላን ነበረች። ሠሪዋ ትርንጎ መሬት ላይ ቆማ በሪሞት ታበርራታለች። የጭራዋ ጫፍ እንደ በር በማጠፊያ ይታጠፋል፤ ወደ ላይ ሲታጠፍ ነፋስ ጭራዋን ይጫነዋል፣ አፍንጫዋም ሽቅብ ይነሳል። ማጠፊያው ጋ ግን ቀጭን ስንጥቅ ነበረ። አያ ነፋስ መጫኑን ትቶ በስንጥቁ ሹልክ ይላል። ሽውም ሜዳው ጫፍ ያለውን ባሕር ዛፍ መዝለል ያቅታትና ጭቃ ላይ ዱብ።

ትርንጎ መረራት። ዛሬ ካልዘለልሽው ሞተርሽን ነቅዬ ለሌላ አውሮፕላን እሰጣለሁ አለቻት።

ሽው አያ ነፋስን በስንጥቁ እንዳያልፍ ለመነችው።

«በሩ ክፍት ሆኖ በአጥር ልዝለል እንዴ? ይልቅ ሞተርሽን ተሰናበቺው» አላት።

«ልመናዬ እዚህ ላይ አበቃ፣ አያ ነፋስ። ዛሬ አንተው ራስህ ተሸክመህ ታሻግረኛለህ።»

አያ ነፋስ የጣራው ቆርቆሮ እስኪንኳኳ ድረስ ሳቀ።

መጀመሪያ እመት ሸረሪት መጣች። ስንጥቁን በድሯ ሸፈነችው። ሽው ተነሳች፤ አያ ነፋስ እፍ አለና ሹልክ። ሽው ጭቃ ላይ ዱብ።

ቀጥሎ አያ ሙጫ ደረቱን ነፍቶ መጣ። ቀጥ ብለሽ ቁሚ አላትና ስንጥቁን ጥቅጥቅ አድርጎ ሞላው። እውነትም ነፋስ አልገባም፤ ጭራዋም ግን አልታጠፍ አለ። ሽው በቀጥታ ሄዳ ከዛፉ ጋር ተላተመች፣ ጭቃ ላይ ዱብ። አያ ነፋስ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ትርንጎ ሙጫውን በምላጭ ፈቀፈቀችና ሞተሩን ልትነቅል ካቻቢቴ ፍለጋ ገባች።

ይሄኔ ስኮች የምትባለው ግልጽ ተለጣፊ ፕላስተር ከትርንጎ ጠረጴዛ ላይ ተንከባላ ወረደች።

«ጭራሽን ወደ ታች እጠፊው፣ እስከ መጨረሻው» አለቻት።

«ሙጫ ቀጥ በይ ብሎኝ ነበር።»

«ለዚህ ነዋ ያሰረሽ። ስትታጠፊ ስንጥቁ ከላይ አፉን ይከፍታል። ያኔ ከላይ እስከ ውስጡ ድረስ እለጠፍበታለሁ፤ ከዚያ እንደ ልብሽ ታጠፊ። ደግሞ ብርሃን አሳልፋለሁ፤ ያ ጉረኛ አያየኝም።»

ሽው ጭራዋን አጠፈች፣ ስኮችም ስንጥቁ ላይ ልጥፍ አለች፤ ሁለቱም ክፉኛ ሳቁ።

ትርንጎ ካቻቢቴውን ይዛ ስትመለስ ሽው ሞተሯን ራሷ አስጮኸችው። ካልወደቅሁ አትነኪኝም አለቻት። ትርንጎም የመጨረሻሽ ነው ብላ ካቻቢቴውን ኪሷ ከተተችና ሪሞቱን አነሳች።

አያ ነፋስ ከሩቅ አየ፤ ስንጥቁ እንደ ወትሮው ክፍት መሰለው። ራሱን ደፍቶ እየሮጠ መጣ። ዷ!

ግንባሩን ይዞ ተናደደ፤ በንዴት ጭራዋን ተጫነው። በተጫነው ቁጥር አፍንጫዋ ሽቅብ፣ በተጫነው ቁጥር ሽቅብ፣ ከባሕር ዛፉ ጫፍ በላይ አሳለፋት።

«አያ ነፋስ፣ ቀስ እያልክ ተሸከመኝ፤ እንዳትጥለኝ» አለችው።

እስከ ዛሬ በመስኮት ሥር የሚያፏጨው እሱ ነው፤ ግንባሩን እያሸ ስንጥቅ ይፈልጋል።

እና ልጆች፣ በስንጥቃችሁ ሾልኮ የሚስቅባችሁን አትለማመጡት፤ ዝጉበት፣ ሳይወድ ይሸከማችኋል። ተረቴን ጨረስኩ፤ ያልሳቀ ዛሬ መስኮቱን እሱ ይዝጋ።