ስለ ውሃው አንከራከርም ያሉት እጩዎች

ሀሮ ጨሌ መጥታችሁ የሰነበታችሁ እንደሆነ፣ ገበያም ላይ ይሁን ሽምግልና ላይ አንዱ ጥያቄ አድበስብሶ ሊያልፍ ሲሞክር፣ ሌላው አንዲት አጭር አባባል ጣል አድርጎበት ጭጭ ሲያሰኘው ትሰማላችሁ። እኛ አንገታችንን እንደፋለን፤ እንግዳ ግን ምኑ ነው እንዲህ የሚያሳፍረው ብሎ ግራ ይጋባል። አባባሏ ከሰማይ ዱብ አላለችም። አምስት ዓመት ሙሉ ተጃጅለን ያገኘናት ናት።

ነገሩ የውሃችን ነገር ነው። የሀሮ ጨሌ የጉድጓድ ውሃ ኩልል ያለ ነው፤ አይሸትም፣ አይጎመዝዝም። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ቡናማ ይሆናል፣ ሲያረጅ ደግሞ ወገቡና ጉልበቱ አልታጠፍ ይለዋል። ስለዚህ የከተማችን ሰው ሲናገርም ሲስቅም እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። አንድ ጊዜ ከሌላ አገር የመጣ ሹም ይህን አይቶ «እንዴት ያለ ጨዋ ሕዝብ ነው!» ብሎ አድንቆናል።

የነገሩን ምክንያት በስሙ የጠሩት የኬሚስትሪ አስተማሪያችን መምህርት አስካለማርያም ናቸው። «ፍሎራይድ ይባላል፤ በዓይን አይታይም፣ በምላስ አይለይም፤ እዚህ አገር ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር እሱም ይበዛል» እያሉ ሠላሳ ዓመት አስተምረዋል። እኛም ተማሪዎቻቸው ትምህርቱን ሸምድደን፣ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፈን፣ ውሃውን መጠጣት ቀጠልን።

በአንድ የምርጫ ዓመት ለከተማዋ አዲስ የውሃ ሥራ ተፈቀደ። አማራጩ ሁለት ነበር፤ ወይ ከነባሩ ጉድጓድ አጠገብ ይበልጥ አጥልቆ መቆፈር፣ ወይ ከተራራው ሥር ካለው ምንጭ በቧንቧ መሳብ። የሚወስነው የምክር ቤቱ ተመራጭ ነው። ለወንበሩ የቀረቡት ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው አቶ አምኃ ደገፉ፣ በቅርቡ ከአዲስ አበባ የተመለሱ፣ ድምፃቸው ያለ ማይክ ሦስት ሰፈር የሚሰማ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ባለ ወፍጮው አቶ ጎንፋ ቱሉ፣ ምን ይጠየቁ ምን «እንደ ሕዝቡ ፍላጎት» ብለው የሚመልሱ።

መምህርት አስካለማርያም ለሁለቱም ደብዳቤ ጻፉ፤ «በእህል ማኅበሩ አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት፣ ስለ ውሃው ተከራከሩ» የሚል። እነዚህ ሁለት ሰዎች በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ አንዱ ፀሐይ ወጣች ካለ ሌላው ማስረጃ ይጠይቃል። በዚህ ደብዳቤ ላይ ግን በግማሽ ቀን ተስማሙ። አንከራከርም!

«መምህርት፣ ሳይንስ የባለሙያ ነው» አሉ አቶ አምኃ፣ በአክብሮት ጎንበስ ብለው። «እኔ የፖለቲካ ሰው ነኝ። በሰው ሙያ አልገባም።»

«ባለሙያው ይመክራል፤ የሚወስኑት ግን እርስዎ ነዎት። በማያውቁት ነገር ሊወስኑ ነው?»

«ከተወሰነ በኋላ ይታወቃል» አሉ አቶ አምኃ።

አቶ ጎንፋም በበኩላቸው «ሕዝብ ቁጥር ሲሰማ ራሱን ያመዋል። እኔ ሕዝቤን አላሳምምም» አሉ።

እኛስ ምን አልን? እኛማ ይሉኝታ የምናውቅ ሰዎች ነን። ትልቅ ሰው በአደባባይ «አላውቅም» እንዲል ማስገደድ ነውር ነው ብለን የገሠጽነው መምህርቷን ነው። ክርክሩም በሌላ ርዕስ ተደረገ፤ በአዲሱ አደባባይ ስም። ሁለቱም የአያታቸውን ስም ይዘው መጡ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። አንድ ሽማግሌ አለቀሱ፣ ሁለት አማቾች እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። እንዲህ ያለ ብስለት የተሞላበት ክርክር ታይቶ አይታወቅም ተባለ። ሊያልቅ ሲል መምህርቷ ተነሥተው «ውሃውስ?» ቢሉ፣ አቶ አምኃ «አፍልታችሁ ጠጡ!» አሉና አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «ሲፈላ ውሃው ነው የሚያንሰው፤ ፍሎራይዱማ እንዳለ ይቀራል» ብለው ነበር መምህርቷ። በዚያ ጭብጨባ መካከል ማን ይስማቸው?

አቶ አምኃ ተመረጡ፣ ቁፋሮውም ተወሰነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቧንቧ ተቀብሮ ይቀራል፣ የቁፋሮ ማሽን ግን ፎቶ ላይ ያምራል። ውሃው ከጥልቁ ሞቅ ብሎ ሲወጣ «ከነሙቀቱ!» ብለን እልል አልን። አቶ አምኃን በአንድ ነገር ግን አናማቸውም። ሌላው ሹም ለቤቱ የታሸገ ውሃ ሲያስጭን፣ እሳቸው ከጉድጓዱ አጠገብ ቤት ሠርተው፣ ባለቤታቸውንና ሁለት ዓመት የሞላትን ልጃቸውን ቤዛዊትን ይዘው ገቡ። የተናገሩትን አምነው ጠጡ።

አምስት ዓመት አለፈና ምርጫ ደረሰ። እጩዎቹ እነዚያው፣ የመምህርቷ ደብዳቤ ያው፣ መልሱም ያው። ቢሆንም ስለ አደባባዩ የሚባለው አልቆ ስለነበር፣ ለምርጫው ስንሰበሰብ አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተሰማ። የፊተኛው ወንበር ላይ ኦቦ ዋሪዮ ተቀምጠዋል። የከተማዋን የመጀመሪያ ጉድጓድ በጉልምስናቸው የቆፈሩ ሰው ናቸው፤ አሁን አንገታቸው አልዞር ስላላቸው፣ ጎናቸው ያለውን ለማየት መላ ሰውነታቸውን ያዞራሉ።

«ኧረ ስለ ውሃው ንገሩን!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ምን ክርክር ያስፈልጋል?» አሉ አቶ አምኃ። «ማስረጃዬ ቤቴ ነው! ልጄ ከዚህ ውሃ ሌላ አታውቅም። ቤዚ፣ ነይ ውጪ!»

የልጅቱ ጥርስ ነገር ቤታቸው ውስጥ ተነሥቶ ነበር አሉ። አባት ግን «ከረሜላ ነው» ብለው ፈርደው፣ ከረሜላውን ከልክለው፣ ነገሩን ዘግተውታል። ቤዛዊት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ መድረኩ ላይ ወጣች። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ተሰጣት፣ ጭልጥ አድርጋ ጠጣች። ተጨበጨበላት።

«ጎበዝ!» አሏት ኦቦ ዋሪዮ። «ስምሽ ማነው፣ የኔ ልጅ?»

እጇን አፏ ላይ አድርጋ መለሰች።

«አልሰማሁሽም፣ ጆሮዬ ደክሟል። እጅሽን አውርጂልኝ።»

አባቷን አየቻቸው። ከዚያ እጇን አወረደች። «ቤዛዊት» አለችና አፍራ ፈገግ አለች። ከወተት ጥርሶቿ ቀጥሎ የወጡት ሁለቱ የላይ ጥርሶቿ ቡናማ ናቸው፤ ጠርዛቸውም ተቦርቡሯል። ማንም አልሳቀም። ሁላችንም ያው ነንና። ዝምታው ግን አስፈራት፤ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ከረሜላ አልበላሁም። እውነቴን ነው።»

ያ ሦስት ሰፈር የሚሰማው ድምፅ ማይኩ ጋ እንኳን መድረስ አቃተው። አቶ አምኃ መድረኩ ላይ ተንበርክከው ልጃቸውን አቀፏት። ቀና አሉና፣ «መምህርት» አሉ፣ «ያንን ነገር ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

አቶ ጎንፋ ይሄኔ ጮቤ ሊረግጡ ደርሰው ብድግ አሉ። «ወገኖቼ፣ እኔ ብሆን ኖሮ…»

«እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ምን?» አሏቸው መምህርቷ። «ውሃው ከየት ይመጣ ነበር? በምን?»

«እንደ ሕዝቡ…» ብለው ጀመሩና አዳራሹን ቃኙ። ስድስት መቶ ዓይን ይጠብቃቸዋል። «ከምንጩ» አሉ በመጨረሻ፣ «በቧንቧ።»

የውሃው ክርክር የተጀመረው ያኔ ነው። አምሮ ነበር ብዬ አልዋሽም። አቶ አምኃ ፍሎራይድን ከክሎሪን ጋር አምታቱ፤ አቶ ጎንፋ ምንጩ ያለበትን ተራራ በጣታቸው ሲያሳዩ ወደ ሌላ ተራራ ጠቆሙ። ቢሆንም የጠየቀው ጠየቀ፣ ያላወቀው አላውቅም አለ፣ መምህርቷ አረሙ። አቶ ጎንፋ በጥቂት ድምፅ ብልጫ አሸነፉ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «በቧንቧ» ብለዋልና ሊያፈገፍጉ ቢሞክሩም መውጫ አጡ። በሦስተኛው ዓመት የምንጩ ውሃ ገባ። ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ልጆች ጥርሳቸው እንደ ወተት ነጭ ነው። የቤዛዊት ግን እንደዚያው ቀረ፤ አንዴ የጠቆረ ጥርስ ታጥቦ አይነጣም።

የክርክሩ ዕለት ከአዳራሹ ስንወጣ የማኅበሩ ዘበኛ ኦቦ ዋሪዮን ክንዳቸውን ደግፎ፣ «ኦቦ፣ እነዚህን አምስት ዓመት እምቢ ያሉ ሰዎች ዛሬ ማን አናገራቸው?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው መላ ሰውነታቸውን አዙረው፣ የአባቷን እጅ ይዛ የምትሄደውን ልጅ ሲያዩ ቆዩና እንዲህ አሉት፦ «ምላስ ቢሸሽ ጥርስ ይመሰክራል።»