የበቅሎ ማሰሪያው አጋዘን

አንድ ሰው ነበረ። አዳኝ ነበረ፤ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ከአደን ባዶ እጁን የገባ አዳኝ።

ይርዳው፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «በምሠራበት መንገድ ላይ አሥር ልብስ ሰፊ በዝቶብኛል፤ የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ ሰፊ ወደሌለበት አገር ልሂድ ወይ?» ነው ያልኸኝ። ስለ ስፌት የማውቀው የለኝም። ስለ አጋዘን ግን ጥቂት አውቃለሁና እሱን ልንገርህ፤ አንተም እስክጨርስ ስማኝ።

በዚያ ሰውዬ አገር አንድ የወል ጫካ ነበረ። ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ ይከርምና ጥር ላይ ለስምንት ቀን ብቻ ይከፈታል። በእነዚያ ስምንት ቀናት ጠብመንጃ ያለው ሁሉ፣ ሀብታሙም ድሃውም፣ ከሠርግ ላይ በስተቀር ተኩሶ የማያውቀውም ጭምር፣ ገብቶ አንድ ቀንዱ የጠና ወንድ አጋዘን መግደል ይችላል። እንግዲህ የአራት ወረዳ ሰው ባንድ ጫካ ሲገባ አስበው። በቅሎው፣ ስንቁ፣ ውሻው፣ ገና ምንም ሳይገድል የሚፎክረው። የጫካው አፍ የገበያ ቀን ይመስል ነበር።

ሰውየው ይህን ግርግር አምርሮ ይጠላው ነበር። ተኩሶ አይስትም፤ ኮቴ ያነባል፣ ነፋስ ያውቃል፤ አባቱ ናቸው ያስተማሩት። ታዲያ ምን ይሆናል? በመጀመሪያው ዓመት ከሰው ልራቅ ብሎ ሁለተኛውን ሸንተረር ተሻገረ፤ እዚያ ሦስት ሰዎች ቁጭ ብለው ቆሎ ሲቆረጥሙ አገኘ። በሁለተኛው ዓመት ሦስተኛውን ሸንተረር ተሻገረ፤ እዚያም ከቁጥቋጦው ውስጥ ሰው ሲያስል ሰማ። በሦስተኛው ዓመት ግማሽ ቀን ገደል ቧጥጦ አፋፉ ላይ ሲደርስ፣ ሰው ትቶት የሄደ እሳት ገና ይጨስ ነበር። ከሰው የሸሸ ሁሉ የሚሸሸው ወደ አንድ ቦታ ነው። ይህን ግን ልብ አላለም፤ ሰውን ብቻ እየረገመ ወደ ቤቱ ገባ።

በአራተኛው ዓመት ሊነሣ ሲል አባቱ ከመደብ ላይ ሆነው ጠሩት።

«ልጄ፣ ሁለት ጥርስ ቀርቶኛል» አሉት። «አንዱ ይነቃነቃል። የአጋዘን ሥጋ የምታመጣ ከሆነ ዘንድሮ አምጣው። ለከርሞ ካልኸኝ መረቁን ነው የምጠጣልህ።»

ሁለቱም ሳቁ። መንገድ ላይ ግን ነገሩ ከነከነው። እኚህ ሽማግሌ በደህናው ዘመናቸው ከዚያ ጫካ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም። አሁን ከመደብ መውረድ ተስኗቸው፣ በዓመት አንዴ የሚቀምሷትን ሥጋ ልጃቸው ሦስት ዓመት አሳጣቸው። አፈረ፤ አዘነም።

የመጀመሪያው ሦስት ቀን እንደ ወትሮው አለፈ። እሱ ይርቃል፣ ሰው ቀድሞት ይገኛል። አራተኛው ቀን ደግሞ የገብርኤል ዕለት ሆነ። ሰውየው በልጅነቱ ታሞ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ነበርና፣ በገብርኤል ዕለት ጠብመንጃ ላይነካ ተስሏል። አብረውት የሰፈሩት ባልንጀሮቹ «መልአኩ ቀን አጣና ነው?» ብለው ቀልደውበት ወጡ። እሱ ብቻውን ጫካው አፍ ላይ ባደሩበት ሰፈር ቀረ፤ በቅሎዎቹ ከታሰሩበት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተበጠሰ የኮርቻ ጠፍር ይጠግን ጀመር። ከስምንት ቀን አንዱ በከንቱ እየሄደበት ነበር።

ከላይ ከሸንተረሩ አልፎ አልፎ ተኩስ ይሰማል። ረፋዱ ላይ ቀና ሲል፣ ከበቅሎዎቹ በላይ ካለችው ጠባብ ሸለቆ አንዲት አጋዘን ከነግልገሏ ወጣች። ቆም ብላ ጩኸቱ ወዳለበት ወደ ኋላዋ አየች። ከዚያ በበቅሎዎቹ መካከል አልፋ ሄደች፤ በቅሎዎቹ ከገለባቸው ቀና አላሉም። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መጣች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀንዱ የተጠማዘዘ ትልቅ ወንድ፣ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ እንደ ቤቱ ሰው ረጋ ብሎ አለፈ። ጠብመንጃው ኮርቻው ላይ ነው። እጁን አሳከከው፤ ግን ስለት ስለት ነውና አልነካውም።

ተነሥቶ ሸለቆዋን አያት። የአጋዘኑ በጠጥ ትኩሱ በደረቁ ላይ ተደራርቧል፤ ኮቴው መሬቱን ጠርጎ መንገድ ሠርቷል። ሦስት ዓመት በየማለዳው ወደ ሩቁ ሲቸኩል ይህንኑ መንገድ ረግጦት ነበር የሚያልፈው። ለካ ሰው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አጋዘኑ ወደ ታች ይወርዳል። ጩኸቱን ሁሉም ይዞት ስለሚሄድ ጸጥታው የሚቀረው ሰፈሩ ላይ ነበር።

በማግስቱም ከድንጋዩ አልተነሣም።

«ዛሬ ደግሞ የማን በዓል ነው?» አሉት ባልንጀሮቹ።

«የበቅሎዎቹ» አላቸው።

ነፋሱን ወደ ፊቱ አድርጎ ከቁጥቋጦ ጀርባ ተቀመጠ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ከላይ አንድ ጥይት ጮኸ፤ ጥቂት ቆይቶ ወንዱ አጋዘን በሸለቆዋ ወረደ። አንድ ጊዜ ተኮሰ። አጋዘኑ ሦስት እርምጃ ሄዶ ወደቀ። ሰውየው ሮጦ ነፍሱ ሳትወጣ ደረሰና ባርኮ አረደው። አባቱ ትዝ አሉትና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሊገፈው ሲያገላብጠው ግን ጭኑ ላይ ሌላ ቁስል አየ። ትኩስ ነው፤ ጥይት ቦርቡሮት ያለፈ።

በዚያ አገር የአዳኝ ደንብ፣ መጀመሪያ ያደማው ሰው ቀንዱን፣ ቆዳውንና አንድ ታፋ ይወስዳል፤ የጣለው የቀረውን። የጣለው ሰው ሦስት ጊዜ «ደሙ የማነው?» ብሎ መጣራት አለበት። ማንም ካልመለሰ ሁሉም የእሱ ነው። ሰውየው ቀንዱን አየው። ሦስት ዓመት ያሾፈበት መንደር በሙሉ በሩ ላይ ተሰቅሎ እንዲያየው ተመኘ። ደንቡ ሦስት ጊዜ ተጣራ ይላል እንጂ ምን ያህል ጩህ አይልም።

አንዱን ለራሱ ያህል አለው። ሁለተኛውን በቅሎዎቹ ብቻ ሰሙት። ከዚያ በራሱ አፈረ። አባቱ ሲበሉ «እንዴት ጣልኸው?» ማለታቸው አይቀርም፤ ምን ሊላቸው ነው? ደረቱን ነፍቶ ሦስተኛውን ጮኸ፤ «ደሙ የማነው?»

«የእኔ ነው!» የሚል ድምፅ ከላይ መለሰ። አንድ ቀጭን ሰው እየተንሸራተተ ወረደ። ቁስሉን አየ፣ አጋዘኑን አየ፣ ቀጥሎ የሰውየውን ፊት አየና ፈዞ ቀረ።

«አንተ ነህ?» አለ። «ሦስት ዓመት ብቻዬን ልሁን ብዬ የሄድሁበት ሁሉ ከኋላዬ ብቅ የምትለው? ባለፈው ዓመት አፋፉ ላይ ስትመጣ ባይህ፣ ተናድጄ እሳቴን እንኳ ሳላጠፋ ነው ጥዬልህ የወረድሁት።»

ሰውየው ሦስት ዓመት ሰው በዛብኝ ሲል ራሱን ቆጥሮ አያውቅም ነበር። ከዚያ ሳቁ መጣበት፤ ቀጭኑም ሳቀ። አብረው ገፈፉት።

«ቀንዱን ውሰድ» አለ ቀጭኑ። «አንተ ባትጥለው የጅብ ራት ነበር።»

«አንተ ባታደማውም ወደ እኔ አይወርድም ነበር» አለው።

ቀንዱ ሁለት ነውና አንድ አንድ ይዘው ተለያዩ። አባቱ ሥጋውን ቀመሱና «ይሄስ እንደ እኔ ያረጀ ነው» ብለው አሙት። እያሙትም ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። የሚነቃነቀው ጥርስም በቦታው ቆየ።

እንግዲህ ይርዳው ልጄ፣ አጋዘኑ ያንተ ደንበኛ ነው። ከየገጠሩ «ሰፊዎቹ መንደር» ብሎ የሚወርደው የእነዚያ ሁሉ መኪና ጩኸት እየጠራው ነው እንጂ ያንተን ስም ሰምቶ አይደለም። ብቻህን የምትሆንበትን አገር ብትፈልግም፣ እንዳንተው የሸሸ ሰው እሳት አንድዶ ይጠብቅሃል። ይልቅ አንድ ቀን መርፌህን አስቀምጥና ደጅህ ተቀመጥ። ጎረቤቶችህ አዲስ ልብስ ለመስፋት ሲሻሙ፣ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ የያዘው፣ የአባቱን ኮት በልኩ ማስጠበብ የሚፈልገው፣ «ይህን አንሠራም» ተብሎ ሲመለስ በማን ደጅ እንደሚያልፍ እይ።

ደግሞም አሥር ሰፊ በዝቶብኛል ነው ያልኸኝ። ትናንት በዚያ ሳልፍ ቆጠርኋቸው፤ እኔ ያገኘሁት አሥራ አንድ ነው።