ፍልፈልና «ኖር» የተባሉ እንግዶቹ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። በድሮ ዘመን ነው፤ ዘመኑን በትክክል አልይዘውም። ኮረብታውም ከወንዙ ወዲህ ይሁን ወዲያ አሁን ተምታቶብኛል። ብሳሳት አትፍረዱብኝ፤ እንደ ሰማሁት ነው የምነግራችሁ።

አንድ ፍልፈል ነበረ። ታታሪ ነበረ፣ ቆጣቢ ነበረ፣ ጨዋም ነበረ። ታታሪነቱ ከጥርሱ፣ ቆጣቢነቱ ከሆዱ፣ ጨዋነቱ ከእናቱ ነው።

ሲጀምር ድሃ ነበረ። ጉድጓዱ ከመጥበቡ የተነሳ ጭንቅላቱን ሲያስገባ መቀመጫውን ዝናብ ይመታዋል፤ መቀመጫውን ሲያስገባ ጭንቅላቱን ፀሐይ ይመታዋል።

«ኧረ እንዲህስ አይኖርም!» አለና መቆፈር ጀመረ።

ቤት ቆፍሮ ለአይጥ ሰጠ፤ ገብስ ተቀበለ። ቆፍሮ ለጥንቸል ሰጠ፤ ጎመን ተቀበለ። ቆፍሮ ለቀበሮ ሰጠ፤ «አልበላህም» የሚል ቃል ተቀበለ። ይኸም ቀላል ክፍያ አይደለም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ኮረብታው በሙሉ ፍልፈል የሠራው መንደር ሆነ። በመጨረሻ ለራሱ አንድ ቤት ሠራ። ጓዳው ሰፊ፣ አዳራሹ ሰፊ፣ መኝታው ሰፊ። ዕድሜውን ሁሉ የለፋው እዚያ ቤት ውስጥ ብቻውን ተንፈላሶ ለመተኛት ነበር።

ቤቱ ሲያልቅ ለምረቃው ደገሰ። ድግሷ ትንሽ ናት፤ ቆጣቢ ነው ብያችኋለሁ።

አይጥ መጣች፣ ጥንቸል መጣች፣ ቀበሮ መጣ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ከርከሮ መጣ። ከርከሮ ጉድጓድ የሚገባው በፊቱ አይደለም፤ በመቀመጫው ነው። ወደ ኋላ እየተራመደ፣ ጥርሱን ወደ ደጅ አድርጎ ገባ።

ፍልፈል ብድግ አለ። ታላቅ ሲገባ ተነስቶ «ኖር!» ማለት ወግ ነዋ! የገባውም «በእግዜር!» ብሎ ይቀመጣል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

«ኖር!» አለ ፍልፈል።

«በእግዜር!» አለ ከርከሮ፤ ተቀመጠ።

ድግሱ አለቀ። አይጥ ሄደች፣ ጥንቸል ሄደች፣ ቀበሮም ከንፈሩን እየላሰ ሄደ። ከርከሮ አልሄደም።

«አያ ከርከሮ፣ መሸ እኮ» አለ ፍልፈል።

«መሸ እንዴ? እንግዲያው መኝታዬን አሳየኝ።»

«የምን መኝታ?»

«ኖር አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ልኑራ! እኔ እንደ ሌላው ካልለመኑኝ አልልም። አንዴ ከተባልኩ ይበቃኛል።»

ፍልፈል ሲገላበጥ አደረ። «ከእንግዲህ ማንም ቢመጣ ከተቀመጥኩበት ንቅንቅ አልልም» ብሎ ማለ።

በማግስቱ እመት ጃርት መጣች። ፍልፈል መሬቱን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። እግሮቹ ግን እሱን ሳይጠይቁ ብድግ አሉ። «ኖር!» አለ አፉ።

«በእግዜር!» አለች ጃርት፤ ልጆቿንም ጠራች።

ቀጥሎ አባ ኤሊ መጣ። ይህን ጊዜ ፍልፈል አፉን በጭቃ ጠቀጠቀው።

«ምኦምር!» አለ።

«በእግዜር! ሰምቼሃለሁ» አለ ኤሊ።

ፍልፈል ጭቃውን ተፋና «አባ ኤሊ፣ ቤትዎን በጀርባዎ ተሸክመው የኔን ምን ያደርጉታል?» ብሎ ጮኸ።

«እሱንማ ላከራየው አስቤአለሁ» አለ ኤሊ።

ጓዳው ሞላ፣ አዳራሹ ሞላ፣ መኝታው ሞላ። ባለቤቱ ደጅ ተኛ፤ መቀመጫውንም ዝናብ መታው። ሲነጋ በቀጥታ ሄዶ ለዳኛ ዝሆን ከሰሰ። ዝሆን የተሾመው ጆሮው ትልቅ ስለሆነ የሁሉን ይሰማል ተብሎ ነው።

«ቤቱን ሳላይ አልፈርድም» አለ ዝሆን። መጣ። ዱም! ዱም! ዱም! ኮረብታው ተንቀጠቀጠ፤ የአይጥ ጣራ ረገፈ።

ፍልፈል ቀድሞ ደርሶ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዳኛው ሲመጣ ሲያይ ብድግ አለ። ምን ያለ ይመስላችኋል?

«ኖር!»

ዝሆን ቆመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እስከ ዛሬ ማንም ኖር ብሎኝ አያውቅም፤ ሁሉም ሲያየኝ ይሸሻል። በእግዜር፣ ልጄ! በየት በኩል ነው የምገባው?» አለና አንድ እግሩን አነሳ።

ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሁሉ ጮኸ። ያ እግር ቢያርፍ ትልቁም ቤት፣ ትንንሾቹም ቤቶች፣ የፍልፈል የዕድሜ ልክ ልፋት በሙሉ ቂጣ ሊሆን ነው።

«ጌታዬ፣ ይቁሙ! ቤቱ የኔ አይደለም!» አለ ፍልፈል።

«ታዲያ የማን ነው?»

ፍልፈል ወደ ጉድጓዱ ዞረ። ከርከሮን አየ፣ ጃርትን አየ፣ የተነሳውን እግር አየ።

«ሰጥቼዋለሁ! ቤት ለሌለው ሁሉ ሰጥቼዋለሁ! በሰጡት ቤት ደግሞ እንግዳ መጋበዝ ነውር ነው!»

«ለዘለዓለም ነው የሰጠኸው?»

«እግርዎን ወደ ኋላ ከመለሱልኝ፣ ለዘለዓለም!»

ዝሆን እግሩን መለሰ። ከዚያ ኩምቢውን ሽቅብ አንስቶ አገር እስኪሰማ ነፋ። «ስሙ! ስሙ! ስሙ! ፍልፈል የሠራውን ቤት ለድሆች ሰጠ! እንዲህ ያለ ደግ አይቼ አላውቅም!»

ወፎች ዘፈኑለት። ጦጣዎች አጨበጨቡለት። ቀበሮም «አልበላህም» ያለውን «ልጆቼም አይበሉህም» ብሎ አሻሻለለት።

ፍልፈል መጀመሪያ ሊያለቅስ ዳዳው። ቀጥሎ ደረቱን ነፋ አደረገ። ከዚያ ጎሮሮውን ጠርጎ፣ «እስቲ ድገሙት፤ የመጨረሻዋ በደንብ አልተሰማችኝም» አለ።

እንግዲህ ልጆች፣ ትምህርቱ ይኸ ነው፦ ደግነትን በበር ብትከለክሉት በምላስ በኩል ይገባል፤ ከገባ ደግሞ ማስወጣት የለም።

ወሬውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት፣ ካልተሳሳትኩ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ፍልፈል ከኮረብታው ማዶ ቤት ለሌላቸው ሌላ መንደር እየቆፈረ ነው አሉ። አፈሩን ወደ ኋላ እየወረወረ፣ «ደግነት ቀላል ነው ያለው ማነው? ወገብ ይቆርጣል!» እያለ ያጉረመርማል አሉ። መቆፈሩን ግን አላቆመም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለውን አልሰማሁም።