ከሰሉ የጠጣው መድኃኒት

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሙያው አናጢነት።»

አባ ሣህሉ ታሪኩን እንዲህ ብለው የጀመሩት ትብለጥ ጥያቄዋን ጠይቃ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ካደረገች በኋላ ነው። ወንድሟ ከሞተ ሦስት ወር ሆኗል። ከዚያ ቀደም ደግሞ የሰፈር ሰው በሐሜት ስሟን አጥፍቶባት ስለነበር፣ «ከእንግዲህ የማንም ቃል አይነካኝም» ብላ መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። ጥያቄዋ ይህ ነበር፦ «አባቴ፣ ሊያጽናናኝ የማይመጣ ሰው የለም። እርስዎም ሳይታክቱ ይመክሩኛል። እሰማለሁ፤ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። እግዚአብሔር ጥሎኝ ይሆን?»

አባ ሣህሉ ታሪካቸውን ቀጠሉ።

ይህ አናጢ አሮጊት እናት ነበሩት። ግማሽ ጎናቸው ከታመመ ወዲህ ከአልጋ አልተነሡም፤ አንደበታቸውም ተይዟል። ልጅ የሚያደርገው ጠፋው። ሬዲዮ ቢከፍትላቸው ፊታቸውን አዞሩ። መስኮት አጠገብ ቢያስተኛቸው ብርሃኑ ዓይናቸውን ወጋቸው። አንድ ቀን ቁም ሣጥን ሊገጥም ከሄደበት ቤት የመስታወት የዓሣ ገንዳ አየና ልቡ ተነካ። ማስቀመጫውን በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ገንዳ ገዝቶ፣ ሰባት ቀያይ ዓሦች ጨምሮ ከእናቱ አልጋ ትይዩ አቆመው። እናት ዓሦቹን በዓይናቸው ይከተሉ ጀመር። ትልቁ ዓሣ ወደ መስታወቱ ተጠግቶ አፉን ከፈት ዘጋ ሲያደርግ ጊዜ፣ እኒያ ስንት ወር ሙሉ ፊታቸው ያልተፈታ ሴት ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ለገንዳው የማይሆነው ነገር አልነበረም። ዓሦቹን የሸጠችለት ሴት የውሃ ማጣሪያም ሸጣለታለች። በማጣሪያው ውስጥ ስፖንጅ አለ፤ ከስፖንጁ ቀጥሎ በስስ ከረጢት የታሰረ የከሰል ፍርፋሪ አለ። ምድጃ ላይ የምናነደው ዓይነት አይደለም፣ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ውሃው በከሰሉ መሃል ሲያልፍ ሽታውንና ቢጫ መልኩን እዚያው ጥሎ ይወጣል። ከሰሉም ሲጠግብ ሥራ ስለሚያቆም ሰውየው ቀን ሳያሳልፍ ይለውጠው ነበር። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ዓሦቹ አየር ላይ የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር።

አንድ ጠዋት በዓሦቹ ክንፍ ላይ ጨው የተነሰነሰ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ አየ። ወደ ሻጯ ሮጠ። እሷም፣ «የታወቀ በሽታ ነው፤ ቶሎ ካላከምካቸው ይፈጃቸዋል» ብላ ሰማያዊ መድኃኒት ሰጠችው። በልኩ ጨመረ፤ ውሃው ሰማያዊ ሆነ። ከሥራ ሲመለስ ግን እንደ ወትሮው ጠርቶ አገኘው። «ተመስገን! መድኃኒቱን ጠጥተውታል» ብሎ ደስ አለው።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ዓሦች ሞቱ። ጨመረ፤ ውሃው ጠራ። ደግሞ ጨመረ፤ ደግሞ ጠራ። ሌሎች ሁለት ሞቱ። ሰውየው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። መድኃኒት አነሰ እንዳይል ጠርሙሱ ሊያልቅ ነው። ውሃው ቆሸሸ እንዳይል እንደ ምንጭ ጠርቷል። አንዱ ጎረቤት «ዓይን ነው፣ በጨርቅ ሸፍነው» አለው። ቢሸፍነው እናቱ አለቀሱ፤ መልሶ ገለጠው። ሌላው «የቧንቧው ውሃ ነው» አለው፤ ይህም እውነት መሰለው። ከሰባቱ የቀሩት ሦስት ናቸው። ትልቁ ዓሣ ከገንዳው ጥግ ሄዶ ተጋድሟል። እናት በደኅናው እጃቸው ወደ ዓሣው ይጠቁሙና ልጃቸውን ያዩታል።

በመጨረሻ ጠርሙሱን ይዞ እየተቆጣ ሻጯ ዘንድ ሄደ።

«የሸጥሽልኝ መድኃኒት አይደለም፣ ቀለም ነው!» አላት።

«ስንት ጊዜ ጨመርክ?»

«አምስት ጊዜ። ስጨምረው ሰማያዊ ይሆናል፤ ውዬ ስመለስ የለም።»

«ከሰሉን አውጥተኸዋል?»

«ለምን ብዬ! እንዲያውም ለበሽተኞቹ ብዬ በአዲስ ለወጥኩላቸው።»

ሴትዮዋ አልሳቀችበትም። «ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ሳልነግርህ ቀረሁ» አለችና ብርጭቆ ውሃ ቀድታ መድኃኒቱን አንጠባጠበችበት። አንድ እፍኝ ከሰል አጥባ ጨመረችበትና ታማስለው ጀመር። «ቁጭ በል» አለችው። ለምን እንደሚቀመጥ ሳይገባው ተቀመጠ። ደንበኛ መጣ፣ ሄደ። እሷም መለስ እያለች ታማስላለች። ብርጭቆውን ባየው ቁጥር ሰማያዊው እየሳሳ ሄደ፤ በኋላ ጨርሶ ጠራ።

ሰውየው ይብሱን ግራ ገባው። «ከሰሉ እኮ ጥሩ ነገር ነው! ውሃውን የሚያጠራልኝ እሱ ነው!»

«ጥሩ ነው፤ ግን መምረጥ አያውቅም» አለችው። «ውሃው ውስጥ ከተቀላቀለው ብዙውን ይይዛል፤ ጎጂ ይሁን መድኃኒት አይጠይቅም። አሁን ማጣሪያውን ሳታጠፋ ከሰሉን ብቻ አውጣ። መድኃኒቱንም በልኩ ጨምር። እንዳትደራርብ፣ ከእንግዲህ የሚቀንስልህ የለም። የዳኑ ጊዜ አዲስ ከሰል ትመልሳለህ፤ የተረፈውን መድኃኒት ያወጣልሃል።»

ሰውየው ቤቱ ገብቶ ማጣሪያውን ከፈተ። እጁ ከረጢቱን ይዞ ቆመ። በዚህ ከሰል ላይ የነበረው እምነት ትልቅ ነበር፤ ያን የጠራ ውሃ ለእናቱ የሰጣቸው በእርሱ ነውና። ቢሆንም አወጣው፤ መድኃኒቱንም በልኩ ጨመረ።

ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ዋለ፤ ሰማያዊ ሆኖ አደረ። እየቆየም መሽተት ጀመረ። እናት ዓሦቹን አጥርተው ማየት ስላልቻሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «እምዬ፣ ትንሽ ታገሽኝ» ይላቸዋል፤ ይታገሱት አይታገሱት አያውቅም። በሁለተኛው ቀን ትልቁ ዓሣ ሞተ፤ ጊዜ አልፎበት ነበር። ሰውየው ከሰሉን ለመመለስ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሣ። ግን አልመለሰውም። ሳምንት አልፎ ሲታይ ከሁለቱ ዓሦች ላይ ነጩ ነጠብጣብ ረግፏል። ጥቂት ቀን ጨምሮ፣ መዳናቸውን ካረጋገጠ በኋላ አዲስ ከሰል አስገባ፤ ውሃውም ጠራ። እናት ያን ቀን አልሳቁም። ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰው ሁለቱን ዓሦች በዓይናቸው ይከተሉ ጀመር እንጂ።

አባ ሣህሉ ይህን ተናግረው ወደ ትብለጥ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ገንዳ የአንቺ ልብ ነው። ሐሜቱ ሲመርዝሽ ‹የማንም ቃል አይነካኝም› የሚለውን ከሰል አስገባሽ። ያኔ ጠቅሞሻል፤ አልነቅፍሽም። ነገር ግን ከሰል አይመርጥም። ያን ጊዜ ስድቡን የያዘልሽ፣ ዛሬ ማጽናኛውን እየያዘብሽ ነው። እግዚአብሔር አልጣለሽም። መድኃኒቱማ በየቀኑ ይጨመርልሻል፤ ቁስልሽ ላይ ሳይደርስ ይወሰድብሻል እንጂ።»

«ከሰሉን ካወጣሁት ክፉውስ ቃል አይገባም፣ አባቴ?»

«ይገባል። ውሃሽ ይደፈርሳል። ሰው ፊት ታለቅሻለሽ፤ የሚያምሽንም ትሰሚያለሽ። ለዘላለም አውጪው አላልኩሽም፣ እስክትድኚ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠርተሽ ኖርሽ፤ ከውስጥሽ የሚሞተውን ግን አንቺም አላየሽውም። በይ ሂጂ። ዛሬ መንገድ ላይ ‹እንዴት ነሽ?› ለሚልሽ የመጀመሪያ ሰው፣ ‹ደኅና ነኝ› እንዳትይው።»