የሰኮና ምስክር

አንድ ጊዜ ከበረሃው ጫፍ እስከ ባሕሩ ዳር የሚገዛ ሱልጣን አንበሳ ነበር። ግዛቱ ክንፋሙም፣ ቀንዳሙም፣ ሰኮናማውም በየቋንቋው የሚጮኽበት ሰፊ አገር ነበር፤ ግን ነዋሪው እየሳሳ ሄደ። ጎሾቹ ግፍ ቢበዛባቸው ወንዙን ተሻግረው ቀሩ፤ ሽመላዎቹም ተከተሏቸው። ምክንያቱን የማያውቅ አልነበረም። የዘበኞቹ አለቃ አያ ጅቦ ሲዘርፍ የሚመሰክርበት አይገኝም፤ ሕጉ የሚሰማው የባለ ክራንቻን ቃል ብቻ ነበርና። ሱልጣኑ ሊቆጣ ሲል ደግሞ ጅቦቹ የሚበሉበትን ትልቅ የብረት ድስት አደባባይ አውጥተው ይገለብጡታል። ድስት ተገለበጠ ማለት ዘበኛው አመፀ ማለት ነው። የሱልጣኑ አባትም አያትም ያንን ድምፅ ሲሰሙ ቁጣቸውን ይውጡ ነበር።

በዚህ መሀል ጅቦቹ የእመት አህያን ባል ነድተው ወሰዱና ለበዓል እራት ሊያርዱት እስር ቤት አሰሩት። ጎረቤቶቿ ሊያጽናኗት መጥተው «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እርምሽን አውጪ» አሏት።

«የአህያ ሚስትስ?» አለችና ጆሮዋን አቁማ ወደ ቤተ መንግሥት ገሰገሰች።

ደግነቱ ሱልጣኑ በአማካሪው ወዚር በእመት ቀበሮ ምክር አዲስ አዋጅ አስነግሮ ነበር፦ «ከእንግዲህ ክራንቻም ሰኮናም በቃዲ ፊት እኩል ነው!» አዋጁን ሁሉም ሰምቷል፤ የደፈረ ግን አልነበረም። እመት አህያ ደፈረች።

ቃዲው ኤሊ ዋርካው ሥር ተቀምጦ «ምስክርሽ ማን ነው?» አላት።

«እኔው ነኛ፣ ጌታዬ! ሲወስዱት በዓይኔ አይቻለሁ።»

አያ ጅቦ በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ ጉድ! ሣር በል ሊመሰክርብኝ? እናንተ፣ ድስቱን አምጡ!»

የሱልጣኑ ፊት ተለዋወጠ። እመት ቀበሮ ግን ጠጋ ብላ «አይስጉ፣ ጌታዬ። ትናንት ቀለባቸውን ከለከልኳቸው፤ ዛሬ ድስቱን በቅልጥም አስሞላሁት» ስትል አንሾካሾከች።

ድስቱ ተገለበጠ፤ ቅልጥሙ በአደባባዩ ተንከባለለ። ጅቦቹ ሁሉ፣ የእስር ቤቱ ጠባቂዎች ሳይቀሩ፣ ተንጋግተው ተደፉበት። አያ ጅቦ «ኧረ መጀመሪያ አምፁ!» ቢል ማን ሰምቶት! ወዲያው እሱ ራሱ አንድ ቅልጥም ነክሶ ከወንድሙ ጋር ይጓተት ጀመር።

ያኔ እመት አህያ አናፋች። ምድር እስኪናወጥ አናፋች! ትናንት ሲንቀጠቀጡ የነበሩት በሬው፣ ፈረሱና አጋዘኑ ግር ብለው መጥተው ጅቦቹን ከበቧቸው። አቤት ርግጫ! ሱልጣኑም ድፍረቱ ተመልሶለት «ካገሬ ውጡ!» ብሎ አገሳ። ጅቦቹ ጅራታቸውን ሸጉጠው በረሃ ገቡ።

ባልየው ጠባቂ ካጣው እስር ቤት ገመዱን እየጎተተ መጣና «በይ፣ ወደ ቤታችን እንሂድ» አላት።

ቃዲውም «ባልሽ ተገኘ፣ በዳይሽም ተባረረ። እንግዲህ ችሎቱ አብቅቷል» አለ።

«አላበቃም!» አለች እመት አህያ። «ቃሌን ሳልሰጥ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ሱልጣኑ ከዙፋኑ ተነስቶ ቆመላት። እሷም ያየችውን አንድም ሳታስቀር ተናገረች፤ ቃዲው አንገቱን አስግጎ አደመጣትና «የአህያ ቃል እውነት ነው፤ ጅቦ ጥፋተኛ ነው» ብሎ ፈረደ። እልልታው ወንዙን ተሻገረ። ጎሾቹም «ምን ተገኘ?» እያሉ መጥተው፣ ነገሩን ሲሰሙ በዚያው ባገራቸው ቀሩ።

ከዚህ የምንማረው፣ መልካም አዋጅ ከዙፋን ቢታወጅም ሕግ የሚሆነው የተናቀው ቆሞ ሲናገርበት መሆኑን ነው።